አራተኛው ስም

ከሞተ ሃያ ሁለት ዓመት ያለፈውን አያቴን ሰው የሙዚቃ ባንድ ውስጥ አስገብቶታል ብሎ አጎቴ አዋሌ ለእናቴ ሲነግራት መኝታ ክፍሌ ሆኜ ሰማሁ። አርብ ጠዋት ነው፤ ሁለት ሰዓት ገና አልሞላም። አጎቴ ሌላ ጊዜ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ የእያንዳንዳችንን ጤና ጠይቆ፣ የዝናቡን ነገር አንስቶ፣ ሻዩን ከጠጣ በኋላ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገባው። ዛሬ ገና ጫማውን እያወለቀ ጀመረ። እናቴ «አስተግፊሩላህ» አለች፤ ማን አስገባው ብላ ግን አልጠየቀችም። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ገብቷታል ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለንደን ያለችው የአጎቴ ልጅ ኡባህ፣ በአያታችን ስም እዚህ ሀርጌሳ፣ 26 ጁን በሚባለው ሰፈር ውስጥ ለሚሠራው የቁርኣን ትምህርት ቤት ድረ ገጽ ልትከፍት አስባ ስሙን ኢንተርኔት ላይ ፈለገችው። አያታችን ሼኽ ዲሪዬ የታወቀ ሰው ነበር። ዲሪዬ የሚባል ሰው ሀርጌሳ ውስጥ ሞልቶ የተረፈ ስለሆነ ሰዉ እሱን ለመለየት «ሎህ» የሚል ቅጽል አወጣለት፤ ሎህ ልጆች የቁርኣን አንቀጽ እየጻፉ የሚያጠኑባት የእንጨት ሰሌዳ ናት። በዚያች ሰሌዳ አርባ ዓመት አስተምሯል። ዲሪዬ ሎህ ሲባል በዚህ ከተማ አንድ ሰው ብቻ ነው። ኡባህ ይህን ስም ስትጽፍ የወጣላት ነገርም አንድ ብቻ ነበር፤ እንደ ምሕንድስና ንድፍ በመስመርና በቁጥር የተሣለ የሰው ደረት አጥንት፣ ከሥሩ «የአጥንት ሒሳብ» የሚል ርዕስ፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ የእኔ ስም ከነአያቴ። ከፍታ ሰማችው። ለአባቷ የላከችለትም ከነድምፁ ነው።

ስለ ሙዚቃው ልናገርና ይውጣልኝ። የባንዳችን ስም መቅኔ ነው። የምንጫወተው ዴዝ ሜታል ነው፤ ከዴዝ ሜታልም ቴክኒካል የሚባለውን። ድምፃዊው ከሆዱ ያጓራል፣ ድራሙ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነው፣ ጊታሩ ግን ሒሳብ ነው። በሰባት ተቆጥሮ የተጀመረው አሥራ አንድ ይሆናል፣ ሳይታሰብ በአምስት ይሰበራል፣ አንዲት ጣት የዓይን ጥቅሻ ታህል ከዘገየች ሁሉም ይፈርሳል። የማያውቅ ሰው ጩኸት ነው ይላል። አልፈርድበትም፤ እኔም መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ያልኩት እሱኑ ነው። አልበሙ ስምንት ዘፈን አለው፣ ሠላሳ አራት ደቂቃ፤ የመጀመሪያችን ነው። ጊታሩን በሙሉ የደረስኩትም የተጫወትኩትም እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት ፈጀብኝ፤ ሁለቱን አዲስ አበባ፣ አራቱን እዚህ ሀርጌሳ፣ ሦስት በአራት በሆነች ክፍል ውስጥ።

እንዲያም ሆኖ በዚህ ቤት ሙዚቃውን ሰምቶ የሚያውቅ ሰው የለም። የኤሌክትሪክ ጊታር ከድምፅ ማጉያ ጋር ካልተያያዘ ትክ ትክ ብቻ ነው የሚለው። ሽቦውን ላፕቶፑ ላይ እሰካለሁ፣ የጆሮ ማዳመጫ አደርጋለሁ፤ ከዚያ እኔ ጆሮ ውስጥ ዓለም ይገለበጣል፣ እናቴ ደግሞ ከመጋረጃው ወዲያ ቁጭ ብላ ሩዝ ትለቅማለች። ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሀርጌሳ ሰፈር ስልክና ኮምፒዩተር ከምጠግንበት ሱቅ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እመለስና እስከ መግሪብ ሶላት እሠራ ነበር። ፍሪጁ በተነሳ ቁጥር እምምታው ቅጂው ውስጥ እየገባ ሲያስቸግረኝ፣ እኔ ስቀዳ እናቴ ፍሪጁን ትነቅልልኝ ጀመር። ምን እንደምሠራ ጠይቃኝ አታውቅም። አንድ ቀን ሁለት ሊትር የግመል ወተት ተበላሽቶባት «ይሄ ሥራህ ወተት አይወድም» ብላ ሳቀች፤ ከዚያ በላይ አልሄድንበትም። አጎቴ ሲመጣ ጊታሩን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ እከተዋለሁ። ቤቱ የእሱ ነው። አባቴ ካሂን አዲስ አበባ ሲሞት፣ እናቴ ወደ አገሬ ልመለስ ስትል፣ ይህን ቤት ከፍቶ ያስገባን አጎቴ ነው። ኪራይ ጠይቆን አያውቅም። የውሃ ቦቴ ሲመጣም ቀድሞ የሚከፍለው እሱ ነው። መጥፎ ሰው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር።

ስሙ አልበሙ ላይ እንዴት እንደገባም ልናገር። የባንዱ ድምፃዊ ወንድምአገኝ ነው፤ ሾላ አንድ ግቢ ውስጥ አብረን ያደግን። አልበሙን ኢንተርኔት ላይ የሚያከፋፍሉት ሰዎች የሁላችንንም ስም በመታወቂያችን እንዳለ ሙላ ብለውት ፓስፖርቴን አስላከኝ። ፓስፖርቴ ላይ አራት ስም አለ፤ ዓብዲራሺድ ካሂን ዲሪዬ ሎህ። አንድም ሳያስቀር ገለበጠው። የራሱን በሁለት ስም ጨርሶ እኔን ግን «እናንተ እስከ አሥር አያት ትቆጥሩ የለ? ባጎድልብህ ነውር መሰለኝ» አለኝ። ማክበሩ ነው። ሾላ ውስጥ የአያት ስም ፎርም መሙያ ነው፤ አያትህን የሚያውቀው የለም። እዚህ ግን አያት ማለት አድራሻ ነው። እነዚያን አራት ስሞች የያዘ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ አጎቴ በር ላይ ይደርሳል። ለዚህ ነው እዚህ ሰው ዘመድ የማይወደውን ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ ቅጽል ስም የሚያወጣው። ይህን ወንድምአገኝ ሊያውቅ አይችልም፣ እኔ ግን አውቃለሁ። አልበሙ ሳይወጣ ከወር በፊት አሳይቶኛል፤ በአንድ መስመር መልእክት ማስተካከል እችል ነበር። አላስተካከልኩም። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ትክ ትክ ስል ኖሬ፣ አንድ ነገር እንኳ ሙሉ ስሜን ይዞ እንዲወጣ ፈለግኩ። ጥፋቴ ይኸው ነው፤ ሌላ ጥፋት የለብኝም።

ተጠርቼ ወጣሁ። አጎቴ ፍራሹ ላይ ተቀምጧል። ላሆሁ፣ ስሱ የሶማሌ እንጀራ፣ ማሩና የሰሊጥ ዘይቱ ፈሶበት ፊቱ ቀርቧል፤ አልነካውም። ስልኩ ምንጣፉ ላይ የደረት አጥንቱን ወደ ላይ አድርጎ ተጋድሟል። እናቴ ሻዩን ትቀዳለች፤ ቀና ብላ አላየችኝም።

«አዴር፣ ይሄ ስም ያንተ ነው?» አለኝ። አዴር ማለት አጎት ማለት ነው፤ በሶማሌ ወግ አጎትም የወንድሙን ልጅ መልሶ አዴር ይለዋል። ሲቆጣ ግን በስሜ ነው የሚጠራኝ። ዛሬ አልተቆጣም፤ የፈራሁትም ለዚህ ነው።

የኔ ነው አልኩት። ሙዚቃ ሐራም ነው ይለኛል ብዬ ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ ያጠራቀምኩት መልስ ነበረኝ። አንዱም አላስፈለገኝም። ሰምተኸዋል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሰምቼዋለሁ፣ ሰው የታመመ መስሎኝ ነበር አለኝ፤ ሊያሾፍብኝ እንዳልሆነ ያስታውቃል። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ይህ ስም የአራት ሰው ነው አለ። አንዱ አንተ ነህ፣ አባትህ ወንድሜ ነበር፣ አባቱ አባቴ ነው፤ ሎህ ያሉት ደግሞ እሱ ያስተማራቸው ሰዎች ናቸው። ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ ለትምህርት ቤቱ የሚያዋጡት ሽማግሌዎች እሱ ቤት ይሰበሰባሉ። ልጆቻቸው ስልክ አላቸው፤ ስሙን ጽፈው ይፈልጉታል። ኡባህ አፍራ ገጹን ጀምራ ትታዋለች፣ አንተ ጨርሰው አለኝ። ከዚያ በፊት ግን አልበሙ ላይ ያለው ስም ይጥፋ።

«ሥራህን ተው አላልኩህም» አለኝ ሲነሳ። «የሞተ ሰው ስሙ ሲነሳ አልፈልግም ማለት አይችልም። አንተ ግን ስለ እሱ ማለት ትችላለህ።»

ወንድምአገኝ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ሁለቴ መልእክት ላኩለት። እናቴ ያልተነካውን ላሆህ አነሳች፣ ምንጣፉን ጠረገች።

ከጁምዓ በኋላ በሚኒባስ ጅግጅጋ ያር ሄድኩ። ገመቹ ቀጥሮኛል። የአዳማ ልጅ ነው፤ ከበርበራ ወደብ ማዳበሪያ የሚጭን ከባድ መኪና ይነዳል። ባዶውን ሲመለስ ወንድምአገኝ የሰጠውን ዕቃ ይዞልኝ መጥቷል። የኢትዮጵያ ምግብ የሚሸጥበት ቤት በረንዳ ላይ ሽሮውን እየበላ አገኘሁት። ሻይ አዘዝኩ፤ ሦስት ሺህ ሽልንግ ሆኗል፣ ባለፈው ወር ሁለት ነበር። ገመቹ ስለ ኬላው፣ ስለ ጎማው፣ ድንበሩ ወጃሌ ላይ ስላሳደረው ወረፋ ካወራ በኋላ ከወንበሩ ሥር በካኪ ወረቀት የታሸገ ነገር አውጥቶ ሰጠኝ። ዐሥር ሲዲ ነው። ሙዚቃውን ወንድምአገኝ በስልኩ ጭኖለት ከወጃሌ እስከ ካላባይድ ከፍቶት እንደመጣና ግመሎቹ ሳይቀሩ መንገድ እንደለቀቁለት ነገረኝ። ሳቅን።

ከዚያ ሳቁን ተወና ሦስተኛው ዘፈን መሐል ሁሉም ጸጥ ብሎ ጊታር ብቻውን የሚቀርባት ቦታ አንተ ነህ ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። እዚያች ጋ መኪናውን ዳር አስይዞ መልሶ ሰምቷታል። ሻዬን አስቀመጥኩ። ያቺን ቦታ ሰባት ወር ነው የሠራኋት፤ አርባ ሰከንድ አትሞላም። ከባንዱ ውጪ ስለ እሷ የተናገረ የመጀመሪያው ሰው የጭነት መኪና ሹፌር ሆነ፣ እሱንም ያገኘሁት ስሜን ላስፋቅ በተነሳሁበት ቀን ነው። ሲዲውን ከፍቼ ውስጡ ያለውን ወረቀት ዘረጋሁት። ጊታርና ድርሰት ከሚለው ጎን አራቱም ስም አለ፤ ከሌሎቹ ስለሚረዝም ወደ ሁለተኛ መስመር ተርፏል። ገመቹ አንገቱን አስግጎ አየና «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ አንተ በቁምህ አየኸው» አለኝ። አጎቴም የሚለው ይህንኑ ነው ብዬ የጠዋቱን ነገርኩት። ሽሮውን ጠርጎ ጨረሰ።

«ቤት የሰጠህ ሰው የጠየቀህ ስም ብቻ ከሆነ ረክሶልሃል» አለኝ። ደግ ምክር ነው። ሰው በደህና ጊዜ የሚሰጠው ምክር ሁሉ ደግ ነው፤ ተናድጄ ሂሳቡን ከፍዬ ተነሳሁ።

ቤት ስገባ እናቴ ክፍሌ ውስጥ አልጋዬ ላይ ተቀምጣለች። አታደርገውም እኮ። ጊታሩን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አውጥታ አጠገቧ አስተኝታዋለች። አዲስ አበባ ሳለን ጎረቤት እንዳይሰማን የምናወራው በሶማልኛ ነበር፤ እዚህ ከመጣን ግን ዘመድ እንዳይሰማን በአማርኛ ሆነ። ቤቱ ውስጥ ከሁለታችን ሌላ ማንም ሳይኖር በአማርኛ «አሰማኝ» አለችኝ።

ሦስተኛውን መረጥኩ። ማዳመጫውን በሻሿ ላይ አደረግኩላት። እጆቿን ጉልበቷ ላይ ጥላ፣ ሐኪም ፊት እንደተቀመጠ ሰው ቀጥ ብላ ሰማች። መጀመሪያ ፊቷ ተኮማተረ።

«የሚጮኸው ማነው?» አለችኝ። ጆሮዋ ስለተደፈነ እሷም እየጮኸች ነው።

ወንድምአገኝ ነው አልኳት።

«ያ ቀጭኑ? ቁርስ እኛ ቤት ይበላ የነበረው? ምን አገኘው?»

ምንም፣ እንደዚያ ነው የሚዘፈነው አልኳት። ያንተ የቱ ነው አለችኝ። ጉልበቷ ላይ በጣቴ ጊታሩን እየተከተልኩ መታሁላት። ጥቂት ሄደን ያቺ ቦታ ስትደርስ፣ ሁሉም ጸጥ ሲል፣ እጄን ያዝ አድርጋ አቆመችኝ። ራሷ አግኝታዋለች። ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ሰማችና ማዳመጫውን አውልቃ ሻሿን አስተካከለች።

«ትክ ትክ የሚለው ይሄ ነበር?»

«አዎ፣ ሆዮ» አልኳት፤ እማዬ ማለት ነው።

«ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር እኮ።» ጊታሩን አየችው። «ጎበዝ ነህ። አባትህ ቢሰማው ይኮራ ነበር፣ ለሰው ባይናገርም።» ከዚያ በዚያው ድምፅ፣ ሳትከፋም ሳትቆጣም፣ «አሁን ደውልለት» አለችኝ።

በዚህ ቤት አንድ ሰው አንድ ቀን ይሰማልኛል ብዬ አራት ዓመት ጠብቄ ነበር። ከሰሙልኝ በኋላማ ማን ደፍሮ አጥፋው ይለኛል እል ነበር። ሰማች፣ ገባት፣ ወደደችው፣ ያም ሆኖ ደውል አለችኝ። ባትሰማው ይሻለኝ ነበር። ካልሰማ ሰው ጋር መጣላት ይቻላል።

የዐስር ሶላት አዛን ሊባል ሩብ ሰዓት ሲቀረው ወንድምአገኝ አነሳ። እናቴ ስፒከር ላይ አድርገው ብላ በእጇ አሳየችኝ። ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኩት። ሦስቱን ስም አውጣቸው፣ አብዲ ብቻ ብለህ ተወው፤ እዚህ አብዲ የሚባል ሰው ቁጥር የለውም፣ ማንም አያገኘኝም አልኩት። ያዝናል ብዬ ነበር።

«አብዲ ብቻ ካልን ከፓስፖርትህ ጋር አይገጥምም፤ ይመልሱብናል» አለ። «ለምን በቦታህ የኢዩን ስም አናስገባም? የአልበሙ ምርቃት ላይ የሚቆመው እሱ ነው። ሰው ሲዲው ላይ አንድ ስም አንብቦ መድረክ ላይ ሌላ ሰው ካየ ግራ ይገባዋል። ሲዲዎቹ ላይ ተለጣፊ እናደርጋለን፣ የራሳችንን ገጽ አሁኑኑ እቀይረዋለሁ፣ ሌላው በሁለት ቀን ያልቃል። ሙዚቃው ያንተ እንደሆነ እኛ እናውቃለን እኮ።»

ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው ያለው። ድንገት የመጣለትን ነገር የሚናገር ሰው እንዲህ አይፈጥንም። ኢዩ እኔ አዲስ አበባ ስለሌለሁ በእኔ ቦታ መድረክ ላይ እንዲጫወት የያዙት ጊታሪስት ነው። ጣቶቼን ብቻ በቪዲዮ ቀርጬ፣ ፍጥነቱን ቀንሼ፣ በቁራጭ በቁራጭ እየላኩለት አንድ ዓመት አስጠንቼዋለሁ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ በዚህም አልቀየመውም። አጎቴ ስሙን የፈለገው ለሞተ ሰው ነው፤ ወንድሜ ያልኩት ወንድምአገኝ ደግሞ ለምርቃት ማድመቂያ። ሁለቱም የጠየቁኝ በፍቅር ነው።

«ኢዩ ማነው?» አለችኝ እናቴ በሹክሹክታ።

«እኔ የሠራሁትን ያጠና ሰው ነው።»

ስልኩን አየችው። ከንፈሯ ተላቀቀ፤ እንቢ በለው ልትለኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እንቢ ብትለኝ ኖሮ አጎቴንም፣ ቤቱንም፣ የውሃ ቦቴውንም እተወው ነበር፤ እምላለሁ። ከመስጊዱ አዛን ጀመረ።

«እሺ በለው» አለችኝ። «አጎትህ እየጠበቀ ነው።»

እሺ አልኩት። ወንድምአገኝ ድሮም አንተ አታስቸግርም ብሎ አመሰገነኝ።

ሰግጄ ላፕቶፑን ይዤ አጎቴ ቤት ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ስምንት ናቸው፤ ትራሳቸውን ተደግፈው ሻይ ይጠጣሉ። ኡባህ ከተወችበት ያለውን አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ እዚያው እፊታቸው ጨረስኩት። የአያቴን ፎቶ ከላይ አደረግኩ፣ ስሙን በትልቁ ጻፍኩ፣ ማዋጣት የሚፈልግ የሚደውልበትን ስልክ አስገባሁ። ላፕቶፑ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ፎቶውን ሲያዩ ሁለቱ አለቀሱ። ያኔ አጎቴ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለና ይህን የሠራው የወንድሜ ልጅ ነው አላቸው፤ ዓብዲራሺድ ካሂን ዲሪዬ ሎህ ብሎ አራቱንም፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በኩራት ጠራኝ። ጥግ ላይ የተቀመጠ፣ በልጅነቱ አያቴ ዘንድ ቁርኣን የቀራ አንድ ሽማግሌ ና ብሎ አስቀመጠኝ። ሁለቱንም እጆቼን ያዘ። የግራ ጣቶቼ ጫፍ ላይ የጊታሩ ክር ያወጣውን መጅ በአውራ ጣቱ እየዳበሰ፣ የሥራ ሰው ነህ አለኝ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ መረቀ።

«እነዚህን ጣቶች አላህ ይባርካቸው። ለስማችን የደከሙ ጣቶች ናቸው።»

ሁሉም አሚን አሉ። አጎቴም አለ። እኔም አልኩ።